ከክርስትና ልብስ እስከ ዳዊት፦ የጎንደር ገበያ ለልጅ የሚያቀርበው ሲመዘን

ፒያሳ ካሉት የባህል ልብስ ቤቶች፣ ከቅዳሜ ገበያ ሸማ ነጋዴዎች ወይም በየቤተ ክርስቲያኑ በር ካሉት ንዋየ ቅድሳት መሸጫዎች ጎራ ብላችሁ «ለክርስትና ነበር» ብትሉ፣ መጀመሪያ የሚወጣላችሁ በላስቲክ የታሸገው ጥቅል ነው። ቀሚስ ወይም እጀ ጠባብ፣ ኮፍያ፣ የጨርቅ ጫማ፣ አንዳንዴም መስቀል የተንጠለጠለበት ማተብ አብሮ አለ። ነጋዴው ነጣጥሎ መሸጥ ብዙም አይወድም፤ «እትዬ፣ ሙሉው ነው የሚያምረው» ይላል። ማማሩስ ያምራል። ነገር ግን ጥቅሉ የተሰፋው ለፎቶ እንጂ ለሥርዓቱ አይደለም። ለየብቻ እየመረጠ የገዛ ገንዘቡም ልጁም ያተርፋሉ።

ልብሱን ለመመዘን በዕለቱ ምን እንደሚደርስበት ማሰብ ይበቃል። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ። ጊዜው ማለዳ ነው፤ ከቅዳሴ በፊት። ሕፃኑ እርቃኑን ይሆናል፣ ሦስት ጊዜ ውኃ ውስጥ ይነከራል፣ ከዚያ በ36 የአካል ክፍሎቹ ሜሮን (የተቀደሰ ቅባት) ይቀባል፤ ግንባር፣ ዓይን፣ ጆሮ፣ ክንድ፣ ጉልበት፣ እግር ሳይቀር። ነጭ ይለብሳል፣ ማተብ ይታሰርለታል፣ ቅዳሴው ሲያልቅ ይቆርባል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ፣ ከውኃ በወጣ እርጥብ ገላ ነው። እንግዲህ ልብሱ ቶሎ የሚጠለቅ፣ የሚሞቅና እርጥብ ገላ ላይ የማይጣበቅ መሆን አለበት። ጥቅሉ በሦስቱም ይወድቃል።

በመጀመሪያ አንገቱ። የ40 ቀን ወንድ ልጅ የራስ ዙሪያ 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የ80 ቀን ሴት ልጅ 39 ገደማ ነው። በእጅ የተሸመነ ሸማ እንደ ሹራብ አይለጠጥም። ልብሱን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና የአንገቱን ስፋት ከዳር እስከ ዳር ለኩት፤ 20 ሴንቲ ሜትር ካልሞላና በትከሻው ወይም በፊቱ በኩል መክፈቻ ከሌለው አስቀምጡት። ያ ልብስ በሚያለቅስ ሕፃን ራስ ላይ ይቀረቀራል። በጀርባ በዚፕ የሚዘጋውም አይረባም፤ ልጁን በሆዱ ማስተኛት ይጠይቃል፣ የዚፑ ጥርስም የአንገት ቆዳ ይነክሳል። ከሁሉ የሚሻለው ፊት ለፊት ተከፍቶ በሁለት ማሰሪያ የሚታሰረው ነው። ሱቅ ውስጥ ተሰፍቶ ስለማይገኝ ለልብስ ሰፊ ማዘዝ ያስፈልጋል፤ አንድ ሜትር ሸማ ለአንድ ሕፃን ይበቃል።

ጨርቁ ሌላው ጣጣ ነው። «ንጹሕ ጥጥ» የሚባለው ሁሉ ጥጥ አይደለም። ከጫፉ አንድ ክር ምዘዙና በክብሪት አቃጥሉት፦ ጥጥ እንደ ወረቀት እየሸተተ ነዶ ሲነኩት የሚበን አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሹ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ይሆናል። ድሩንም ማጉንም ለየብቻ ሞክሩ፤ ማጉ የእጅ ፈትል፣ ድሩ የፋብሪካ ክር የሆነ ሸማ ብዙ ነው፤ የፋብሪካውም ጥጥ እስከሆነ ድረስ ነውር የለበትም። ችግሩ ድሩ ሰው ሠራሽ ሲሆን ነው። ውኃ አይመጥም፣ እርጥብ ገላ ላይ ይለጠፋል፣ ይቀዘቅዛል።

ጥለቱ ላይ ዓይናችሁን አትጣሉ፤ እጃችሁን ወደ ውስጥ አስገቡ። በደረቱ ላይ ያለው የሚያብረቀርቅ ጥልፍ በውስጥ በኩል ቋጠሮና የተቆረጠ ክር ይተዋል፤ የአርባ ቀን ቆዳ ላይ ያ እንደ ገለባ ይቧጥጣል። ገበር ያለውን ምረጡ፣ ወይም ከውስጥ ስስ ጥጥ አሰፉበት። የጎንደር ልብስ ሰፊ ይህን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ለመታጠብም አስቡ፦ አዲስ ሸማ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፣ ስለዚህ ከመሰፋቱ በፊት አንዴ በቀዝቃዛ ውኃ ይነከርና ይድረቅ። ይህ ከተዘለለ በአርባኛው ቀን ልክ የነበረው በሳምንቱ ጠባብ ነው።

ኮፍያውና ጫማው? ኮፍያው ጥሩ ነው፣ ከውኃ ለወጣ ራስ ያስፈልጋል፤ ለስላሳና ጆሮ የሚሸፍን ይሁን። ጫማው ገንዘብ ማባከኛ ነው። እግሩ ሜሮን ይቀባል፣ ወዲያው በጋቢ ይጠቀለላል፣ ማንም አያየውም።

ጥቅሉ ውስጥ የሌለውና የሚያስፈልገው ግን ይህ ነው፦ ሁለት ወፍራም የጥጥ ፎጣ (አንዱ ለማውጫ፣ አንዱ ለማድረቂያ፤ በአንዱ ልሥራው ያለ እርጥቡን መልሶ ይጠቀልልበታል)፣ አንድ ትንሽ ጋቢ፣ ሁለት ቅያሪ ዳይፐር፣ ለቁርባን ሰዓት የልጁን አፍ መሸፈኛ ንጹሕ ነጭ ነጠላ። ሕፃኑ ስለሚቆርብ ጡት የሚቆምበትን ሰዓት ደግሞ ከአጥማቂው ካህን ጋር ቀድሞ መነጋገር ይገባል፤ ረኃብ የያዘው ሕፃን በቅዳሴው መሐል ሲያለቅስ ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ሜሮን የነካው ልብስ ከሌላው ልብስ ጋር አይታጠብም፤ ለብቻው ታጥቦ ውኃው ሰው በማይረግጠው ቦታ ይፈሳል። ቀለሙ የሚለቅ ጥለት ለዚያ ቀን አይመከርም።

አንድ ነገር ስለ ጊዜ። ሸማኔ የሚያሠራ ሰው ልጁ እስኪወለድ ቢጠብቅ ለወንድ ልጅ አይደርስም፤ 40 ቀን አጭር ነው፣ ከጥምቀት በዓል በፊት ባሉት ሳምንታት ደግሞ የጎንደር ሸማኔና ልብስ ሰፊ ሁሉ በሥራ ተጨናንቋል፣ ዋጋውም ይወጣል። ከወሊድ በፊት የጨርቁን ሥራ ጨርሱ፣ ስፌቱን ብቻ አቆዩ። የቀኑንም ቆጠራ በሐኪም ቤት ካርድ ላይ ብቻ ተመሥርታችሁ አትቁጠሩ፤ ካርዱ ላይ ያለው ቀን የፈረንጅ ሊሆን ይችላል።

ማተቡን ከልብሱ በላይ ልናይበት የሚገባው ለደኅንነት ነው። የጥጥ ክር ተገምዶ የሚሠራው የቆየው ዓይነት በንዋየ ቅድሳት መሸጫ ዋጋው ከሁሉ ዝቅ ያለ ነው፤ ከሁሉ የሚሻለውም እርሱ ነው። ጥቅሉ ውስጥ የሚገባው ግን አብዛኛውን ጊዜ ናይለን ነው። ሁለቱን ለመለየት በሁለት እጅ ይዛችሁ በኃይል ንጠቁት፦ የጥጡ ይበጠሳል፣ የናይለኑ እጅ ይቆርጣል። ነጋዴው የማይበጠሰውን እንደ ጥንካሬ አድርጎ ያወድሰዋል። ለሕፃን ግን የማይበጠስ ማተብ አደጋ ነው፤ ክሩ በአልጋ ብረት ወይም በልብስ ቁልፍ ቢያዝ መበጠስ ያለበት ክሩ ነው። ሲታሰር በአንገትና በክሩ መካከል ሁለት ጣት ይግባ፤ ከዚያ የላላ አገጭ ላይ ወጥቶ አፍ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ የጠበቀ ልጁ ሲወፍር ያንቃል። ሕፃን በፍጥነት ስለሚያድግ በየወሩ ማየት ያስፈልጋል። ከቋጠሮው የሚተርፈው ጫፍ አጭር ይሁን።

መስቀሉ ይቆይ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ በአንገት ላይ የሚንጠለጠል ነገር ሁሉ ወደ አፍ ይሄዳል፤ ዶቃም፣ የእንጨት መስቀልም፣ የቀንዱም። «ብር ነው» የሚባለው ርካሽ መስቀል ደግሞ ብዙ ጊዜ የተቀባ ሌላ ብረት ነው፣ ኒኬል ካለበት በአንገት እጥፋት ውስጥ ቀይ ሽፍታ ያወጣል። ሽፍታ ሁሉ ግን ከብረት አይመጣም፤ ወተት የጠጣ እርጥብ ክር ብቻውን ያንኑ ያደርጋል። ገላ ሲታጠብ ማተቡም ይታጠብ፣ ከሥሩ ያለው ቆዳ ይድረቅ፣ ሲያድፍ በአዲስ ይቀየር።

ከሚገዛው ሁሉ ቀላሉ የክርስትና ምስክር ወረቀቱ ነው፤ ከሱቅ ሳይሆን ከደብሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛል፣ ሱቁ የሚሸጠው ክፈፉን ነው። ወረቀቱ ሲሰጣችሁ እዚያው ቆማችሁ አንብቡት፦ የልጁ ስም ከነአባቱ፣ ስመ ክርስትናው፣ የልደትና የጥምቀቱ ቀን፣ የክርስትና አባት ወይም እናት ስም፣ የካህኑ ፊርማ፣ የደብሩ ማኅተም። ጎንደር ሁሌም ስመ ክርስትናና የመጠሪያ ስም ሲደባለቁ ታያለች፤ «ወልደ ሚካኤል» መጠሪያው ቦታ ላይ ተጽፎ ለሃያ ዓመት የሚያስቸግረው ሰው ትንሽ አይደለም፤ ጣጣው የሚወጣው በተክሊል ጊዜ ነው። ወረቀቱን ላሚኔት ለማስደረግ አትቸኩሉ። ከተለበጠ በኋላ እርማትም ማኅተምም አይቀበልም፤ ሁለት ኮፒ አስቀርታችሁ በፕላስቲክ ከረጢት አስቀምጡት።

የመንግሥቱ የልደት ምዝገባ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ 90 ቀን ነው። ወንድ ልጅ ከክርስትናው በኋላ 50 ቀን አለው፣ ሴት ልጅ ግን 10 ቀን ብቻ። «ከክርስትናዋ በኋላ እናስመዘግባለን» ብሎ ድግሱን፣ እንግዳውን፣ ከገጠር የመጡትን ዘመዶች ሲሸኝ የሰነበተ ቤተሰብ ጊዜው ያልፍበታል። ለሴት ልጅ የወሳኝ ኩነት ምዝገባውን አስቀድሙ፤ ስሙ በሁለቱም ወረቀት ላይ በአንድ ፊደል መጻፉን እዩ፤ «ሥላሴ» እና «ስላሴ»ም ቢሆን አንድ ይሁን።

ሥዕሉንና ዕጣኑን ጠቅለል አድርገን እንለፍ። ለሕፃን የሚሆነው ሥዕለ አድኅኖ (የቅዱሳን ሥዕል) ጥርት ያለ ቀለምና ትልቅ ዓይን ያለው የኢትዮጵያ አሳሳል ነው፤ ብልጭልጭ ወረቀት ላይ የታተመው የውጭ ሥዕል ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ ልጁ ፊቱን አይለየውም። ጎንደር ያለ ሰው ለሥዕል ብዙ ማውጣት የለበትም፤ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች ታዝሎ የሄደ ሕፃን በጀርባው ተንጋልሎ ሊያያቸው የሚችላቸው ናቸው፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ የጌታ ሕማማትና ፈረሰኞቹ ቅዱሳን አሉ። ዕጣን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሕፃን ሳንባ ከባድ ነው፤ መስኮት ይከፈት። ጧፍ ከልጅ እጅ ጋር የሚሄደው በአዋቂ እጅ ሥር ብቻ ነው፤ የነጠላ ዘርፍ እሳት ለመያዝ አይዘገይም።

የሕፃናት መዝሙር በሚሞሪና በፍላሽ ተጭኖ ይሸጣል። ትልቁ ጉድለት የልዩ ልዩ እምነት መዝሙር አንድ ላይ መደባለቁ ነው፤ ሻጩ ራሱ አያውቀውም። በሱቁ ውስጥ አስከፍታችሁ አምስት ስድስቱን ስሙ። በድምፅ ብቻ ያለውን ግዙ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ዓመት ልጅ ስክሪን አይመክርም፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ደግሞ ከአንድ ሰዓት አይበልጥ ይላል። ለዚያ ዕድሜ ከፍላሹ ይልቅ እናት እያጠባች የምትዘምረው ይበልጣል፣ ዋጋም የለውም።

ልጁ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ጉዳዩ ወደ ፊደል ገበታ ይዞራል፤ እዚህ ላይ ነው ገበያው በጣም የሚለያየው። የግእዙ ፊደል 26 ነው፤ በሰባት ድምፅ ሲባዛ 182 ይሆናል። የአማርኛዎቹ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ ሲጨመሩ 33፣ በሰባት 231 ይደርሳል። የኔታ ዘንድ ለሚላክ ልጅ የ33ቱን ገበታ ገዝቶ የሚሄድ ወላጅ ልጁን ግራ ያጋባዋል፤ የኔታ «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» ብለው ወደ «ሠ፣ ረ፣ ሰ» ሲሄዱ የልጁ ጣት «ሸ» ላይ ይቀራል። በትክክል ጠይቁ፦ የግእዝ ገበታ ወይስ የአማርኛ? ሻጩ «ሁለቱም አንድ ነው» ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ወረቀቱን ስትመርጡ ልጁ ምን እንደሚያደርግበት አስቡ። ፊደል የሚቆጠረው በስንደዶ ወይም በጭራሮ እየነኩ ነው። ያልተለበጠ ወረቀት በወር ውስጥ «ሀ» ላይ ይበሳል፣ ምክንያቱም ሁሉም ልጅ ከዚያ ይጀምራል። የተለበጠውን ግዙ፤ የሚያንጸባርቀውን ግን አይደለም። ቅርፆቹን በሁለት ክንድ ርቀት ቆማችሁ እዩ፦ «ቅ» እና «ቆ»፣ «ጸ» እና «ጰ»፣ «ሕ» እና «ሐ» ካልተለዩ የልጁ ዓይን አይለያቸውም። በየፊደሉ ሥር ፎቶ ያለበት (ሀ ሥር ሐብሐብ፣ ለ ሥር ለውዝ) ቆንጆ ይመስላል፣ ግን ልጁ ሥዕሉን አይቶ ስሙን ይጠራል እንጂ ፊደሉን አያነብም። ለትምህርት ባዶው ይሻላል። «ሐብሐብ»ን «ሀ» ሥር ያስቀመጠ አታሚ ደግሞ በሌላውም አይታመንም።

ዋናው መፈተኛ ግን አቡጊዳ ነው። ልጅ «ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» እያለ እስከ ፐ ድረስ በዜማ ይወርዳል፤ ወላጅ «ፊደል ቆጠረ» ብሎ ይደሰታል። ልጁ ግን የያዘው ዜማውን ሊሆን ይችላል። አቡጊዳ ተራውን ሰብሮ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ በሰያፍ ስለሚሄድ ያ ወዲያው ይታወቃል። አቡጊዳ በጀርባው የታተመበት ገበታ ካገኛችሁ ከሌላው በላይ ዋጋ ይገባዋል። ካላገኛችሁ በወረቀት ላይ በእጅ ጻፉት፤ አንድ ምሽት አይፈጅም።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ብቻውን አይበቃም። በመደዳው መልእክተ ዮሐንስ፣ ወንጌሉ፣ ከዚያ ዳዊት ይቀጥላል፤ ንባቡም በግእዝ ንባብ ፊደሉን እየለየ፣ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ በቁም ንባብ ይሄዳል። የታተመ መጽሐፍ የሚጠብቀውንና የሚላላውን አያሳይም። «ቀተለ» ላልቶ፣ «ቀደሰ» ጠብቆ ይነበባል፤ አማርኛ አፉን የፈታበት ልጅ ሁለቱንም ያጠብቃል። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የሚባሉት የግእዝ አነባበብ ስልቶችም እንዲሁ በጆሮ ይወረሳሉ። ስለዚህ ውዳሴ ማርያምን ከስልክ እየሰማ ያጠና ልጅ አቀላጥፎ ቢልም፣ የኔታ ዘንድ ሲደርስ ያበላሸውን ማስተካከል አዲስ ከማስተማር ይከብዳል።

በዚህ በኩል ጎንደር የታደለች ናት። የበዓታ ለማርያም ደብር የአቋቋም (የማኅሌት ዝማሬና ሽብሸባ ትምህርት) ማስመስከሪያ እንደሆነች ሁሉ፣ በየደብሩ ንባብ የሚያስቆጥሩ መምህራን አይጠፉም። ስትመርጡ ዝናውን ሳይሆን ልጁ በቀን ስንት ጊዜ ከየኔታ ፊት እንደሚቀርብ ጠይቁ። ትልቅ ተማሪ ትንሹን ማስቀጸሉ (ማስጠናቱ) የቆየ ልማድ ነው፣ ጥሩም ነው፤ ግን ልጁ በቀን አንዴ እንኳ ከመምህሩ ፊት ካልቆመ ስሕተቱ ከተማሪ ወደ ተማሪ ይተላለፋል። ሰንበት ትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ሌላ ነው፦ መዝሙር፣ የቅዱሳን ታሪክ፣ ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን፣ ጓደኛ። አንዱ ሌላውን አይተካም። ሰንበት ትምህርት ቤት ላይ የምናየው ድክመት የመምህራን መቀያየር ነው፤ በበጎ ፈቃድ የሚያስተምሩት ወጣቶች ፈተና ሲደርስባቸው ይቀራሉ፣ ልጆቹም የአራት ዓመቱና የአሥራ ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ይታጎራሉ። ሰባት ዓመት ያልሞላው ለብቻው መቀመጡን አይታችሁ አስመዝግቡ። ሰባት ሲሞላው ጾሙም ንስሐውም ስለሚጀምር፣ ልጁን ለንስሐ አባቱ አስቀድሞ ማስተዋወቅ የወላጅ ሥራ ነው። በፍልሰታ መጀመር ቀላል ነው፤ 15 ቀን ነው፣ የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ይጾማል፣ ይቆርባል፤ የ55 ቀኑን ዐቢይ ጾም ለመጀመሪያ መለማመጃ ማድረግ ግን ልጁን ማስመረር ነው።

ዳዊቱ ሲገዛ ሦስት ነገር ይታያል። ይዘቱ ሙሉ ይሁን፦ መዝሙረ ዳዊት፣ 15ቱ ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን። ርካሾቹ የመጨረሻዎቹን ይቆርጣሉ። ሁለተኛ፣ መሐሉን ከፍታችሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፤ በክር የተሰፋው ተዘርግቶ ይቀመጣል፣ በሙጫ ብቻ የተያያዘው ይሰነጠቃል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ገጹ ይረግፋል። ሦስተኛ፣ የፊደሉ መጠን። የኪስ ዳዊት ለትልቅ ሰው ነው፤ ለሰባትና ለስምንት ዓመት ልጅ በአንድ መሥመር ላይ ጣቱን አሳርፎ ከላይና ከታች ያለው መሥመር የማይሸፈንበትን ያህል ሰፊ ይሁን። ከዚያ የቆዳ ማኅደር ይጨመርበታል። የማኅደሩ ማንገቻ ሁሌም ለአዋቂ ትከሻ ተቆርጦ ይመጣል፣ ልጁ ሲሮጥ ጉልበቱን ይመታዋል፤ ቆዳውን አትቁረጡት፣ በመሐል አንድ ቋጠሮ አድርጉበትና ሲያድግ ይፈታል።